ውሳኔዬን ለሚያከብር ሰው

የልጄ ባል ነኝ ለምትለው፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ በአካል አይቼህ አላውቅም፤ አልናፈቅኸኝም። ስለዚህ ያለ ምንም በስተቀር ደህና ነኝ። የኮሎምበስ ብርድ ሲገባ ጉልበቴን ይይዘኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። ያንተስ ጉሮሮ እንዴት ሆነ? የምታስተምራቸው ልጆች ድምፅህን ጨርሰውት ማታ በሹክሹክታ እንደምታወራ ሰምቼ ነበር። ማር በሙቅ ውሃ በጥብጠህ ጠጣ። ይህን የምልህ ላንተ አዝኜ አይደለም። ድምፅ የሌለው አስተማሪ ሥራ የለውም፤ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ልጄን ይዞ የት እንደሚገባ አይታየኝም።

አማርኛ እንደማታነብ አውቃለሁ። አንድርያስ፣ ያ ሽማግሌ አድርገህ የላክኸው ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ልተይብልዎት ብሎኝ እምቢ አልኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ ነው። አይናለም ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት አማርኛ ይሰጣል ሲባል ይዣት ሄድኩ። እሷን ስጠብቅ የልጆቹን ጃኬት ጭኔ ላይ ከምሬ ኋላ እቀመጥ ነበር። መሪጌታ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉትን እኔ በጣቴ ጃኬቱ ላይ እጽፈዋለሁ። እሷ ክረምቱ ሳያልቅ ሰለቸኝ ብላ ቀረች። እኔ አልቀረሁም። ጃኬት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል እያልኩ ጨረስኩት። ስለዚህ የምጽፈው በዚያ በለፋሁበት ፊደል ነው። አይናለም ታንብብልህ። ከከበዳት ለኤባ፣ ለዚያ አብሮህ ኳስ ለሚጫወተው ያገራችን ተማሪ ስጡት። ስድቡን ሳይዘል ያንብበው በሉልኝ።

ስለ አንተ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽህም። አይናለም ትምህርቷን ጨርሳ እዚሁ አጠገባችን ጋሃና በምትባለው ከተማ ንጹሕ ቢሮ ውስጥ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ተነሥታ ቻይና ሄጄ እንግሊዝኛ ላስተምር አለችኝ። እኔ እዚህ ድረስ ያመጣኋት እንግሊዝኛ እንድትማር ነው እንጂ ተሸክማው ሌላ አገር እንድትሄድ አይደለም ብዬ ጮኽኩባት። ሄደች። ከዚያ በስልክ አንድ ሰው አለ፣ እሱም አስተማሪ ነው፣ የደብሊን ልጅ ነው አለችኝ። ደብሊን እዚሁ ከኮሎምበስ ዳር ያለችው መሰለችኝ። ለጎረቤቴ ለቆንጂት፣ እስከ ቻይና ሄዳ የሠፈሯን ልጅ አገኘች ብዬ አወራሁላት። ቤተሰቡን እሑድ ሄጄ አያለሁ እያልኩ ስሰናዳ ደብሊኗ ሌላ ናት፣ አየርላንድ ናት፣ ባሕር ማዶ ናት ተባልኩ። ቆንጂት እስካሁን በዚህ ትስቅብኛለች። ይህንንም አንተ ላይ ዕዳ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ኑሯችሁን በስልክ አሳይታኛለች። ስታስተምር አይቼሃለሁ። አንድ ጢም ያለው ሰው አናቱ ላይ የጨርቅ ሙዝ አስሮ ይዘላል። ልጆቹ ሙዝ ሙዝ እያሉ አብረውት ይዘላሉ። ወላጆቻቸው ከመስታወቱ ጀርባ ተደርድረው ቪዲዮ ያነሡሃል። እኔን ያስተማሩኝ መሪጌታ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። አስተማሪ እንዲህ ነው። አይናለምን እውነት ይህ ሰው ዲግሪ አለው ብዬ ጠይቄያታለሁ። አለው አለች። እንግዲህ አገርህ ለሚዘል ሰውም ይሰጣል ማለት ነው።

ሌላም አውቃለሁ። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ዋናው ትምህርት ቤት ይውሉና ቅዳሜና እሑድ ወደ እናንተ ይመጣሉ። ስለዚህ ሰው ሲያርፍ ትሠራላችሁ፣ ሰው ሲሠራ ሰኞና ማክሰኞ ተኝታችሁ ትውላላችሁ። እሑድ የት ትሳለማላችሁ ብዬ ብጠይቃት ልጄ ሳቀች። አሥራ ምናምነኛ ፎቅ ላይ እንደምትኖሩ፣ ሊፍቱ ሲበላሽ የውሃውን ጀሪካን አንተ ተሸክመህ እንደምትወጣ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ኋላህ አፈናጠህ በዝናብ እንደምትነዳት አውቃለሁ። ሄልሜት አድርግላት። ያ ሮዝ ቀለም ያለው ይሰፋታል፤ በፎቶ አይቼዋለሁ፤ ለጭንቅላቷ የሚሆን ግዛላት።

አንድ ነገር ደግሞ ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም አልልም። የፊተኛው ትምህርት ቤታችሁ ያንተን ቀይ ፊት ትልቅ አድርጎ በሩ ላይ ሰቀለ። ልጄ ወላጆች በሚመጡበት ቀን ኋላ ክፍል እንድትቆይ፣ በር ላይ እንዳትታይ ነገሯት። አሜሪካ ያደገች ልጅ! ያንተን እንግሊዝኛ እኔ ብቻ ሳልሆን እዚህ ያደገው አንድርያስም ግማሹን አልያዘውም፤ የእሷ ግን እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ያለ ነው። አንተ የራስህን ፎቶ ከበሩ ላይ ቀድደህ እሷን ይዘህ ወጣህ አሉኝ። ሥራህን ለቀቅህ፤ ቪዛህ ሊበላሽ ነበር። ሌላ ቦታ እስክታገኙ ኑድል ብቻ እየበላችሁ ከረማችሁ። ጅልነት ነው። የአይናለም አባትም እንዲህ ዓይነት ጅል ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።

ከዚያ ሆንግ ኮንግ ሄዳችሁ ተፈራረማችሁ። ተመልሳችሁ እራት አደረጋችሁ። የእራቱን ፎቶ አይናለም ላከችልኝ፤ ባትልክልኝ ይሻል ነበር። እናት በምትቀመጥበት ወንበር ላይ አከራያችሁ ተቀምጣለች። ያቺ ሳይጠሯት እየገባች ፍሪጃችሁን ከፍታ የምትመረምር ሴትዮ። አንተ ተንበርክከህ በሁለት እጅህ ሻይ ታቀርብላታለህ፤ እሷ ደግሞ እንደ ወለደች ሴት ኮርታ ትቀበልሃለች። ያገራቸው ወግ ነው፣ ለወላጅ ሻይ ይቀርባል አለችኝ ልጄ። ያንተ እናት ከአየርላንድ በኮምፒውተር መስታወት ታየች አሉ። የእኔም ስልክ በዚያ ሰዓት ጮኾ ነበር። እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነኝ፤ ማሽኑ ሲዞር ስልክ አይሰማም። አይሰማም አልኩህ።

እንግዲህ የቻይናን ወግ አጥንተህ ለባዕድ ሴትዮ የምትንበረከክ ሰው የእኛን ለመጠየቅ አፍህ ለምን ተያዘ? ይህን ነበር የምለው፣ ሽማግሌዎችህ እስኪመጡ ድረስ።

አዎ፣ መላክህን አልካድኩም። ኤባ፣ «ሽማግሌ ሳትልክ አግብተህ እናቷ በሰላም ያድራሉ ወይ?» ብሎህ፣ አንተም ለአይናለም ሳትነግር እሺ ብለኸው፣ እሱ ጋሃና ላለው ለአጎቱ ለአሥራት ደውሎ ነገሩ ተጀመረ አሉ። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ የቤት ቀሚሴን እንደለበስኩ በሩ ተደወለ። አቶ አሥራት ሙሉ ልብስ ላይ ነጠላ ደርቦ ቆሟል። ሰውየው ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲያመላልስ የሚኖር ነው፤ እንዲህ ጨዋ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከኋላው አንድርያስ ኒው አልባኒ ከሚሠራበት የዕቃ መጋዘን በቀጥታ መጥቶ፣ ያንን የሚያበራ ቢጫ ሰደርያ እንደለበሰ፣ መታወቂያው አንገቱ ላይ ይወዛወዛል። ሦስተኛዋ ቤክስሊ የምትኖረው የአባትህ አክስት ናት። አረንጓዴ ካፖርት፣ በአንድ እጇ አበባ የተተከለበት ማሰሮ፣ በአንድ እጇ የብስኩት ጣሳ።

ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ የቤቱን እህልም አይቀምስም። አሥራትና አንድርያስ እንደ ወጉ ቆሙ። አክስትህ ገብታ ሶፋዬ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። የራሷን ብስኩት ከፍታ አንዱን በላች፤ ለእኔም ዘረጋችልኝ። አሥራት ዓይኑን ጣሪያው ላይ አደረገ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ የመጣበትን ተናገረ፤ አያት ቅድመ አያትህን እየጠራ ዘርህን ይቆጥርልኝ ጀመር። ኤባ አስጠንቶታል መሰለኝ፣ ስሞቹ አፉ ውስጥ እየተሰባበሩ አንድ በአንድ አወጣቸው። አንዱ ላይ ሲደርስ አክስትህ ነገሩ ገብቷት አቋርጣ፣ እሱ ሰካራሙ ነው አለች። አንድርያስ የሰማውን የማያስቀር ልጅ ነው፤ ይህችንም ተረጎማት። እኔ ያኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ስለነበር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አክስትህ ያለቀስኩ መሰላት።

ከዚያ መልሴን ሰጠሁ። «የምሰጣት ልጅ የለችኝም፤ ደግሞም ዘመድ ሳላማክር አልናገርም» አልኩ። እዚህ አገር ከቆንጂት በቀር የማማክረው ዘመድ እንደሌለኝ አሥራት ያውቃል። ገብቶታል። ጎንበስ ብሎ «እሺ እትዬ፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን» ብሎ ወጣ። ሲወጣ ፊቱ የፈካ ነበር፤ ነገሩ በደንብ ነው የሄደው። አንድርያስ ግን እዚህ አድጎ ይህን ከየት ያውቀዋል? ቃሉን ቃል በቃል ለአክስትህ ነገራት፤ ልጅ የለኝም አሉ ብሎ። እሷ ከመኪናው ሳትወርድ ላንተ ኮል አደረገች። አሥራት ለኤባ ሳይደውል ነገሩ ቀድሞት እናንተ ቤት ለቅሶ ሆኖ ነበር አሉ። ልጄም ሽማግሌ መላክህንም፣ ልጅ የለኝም መባሉንም ያን ጊዜ ሰማች።

በሳምንቱ እሑድ አልመጡም። አንድርያስ ብቻውን መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ከስልኩ አነበበልኝ። «ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። ውሳኔዎን አከብራለሁ። ከእንግዲህ ማንም በርዎን አያንኳኳም» ብለሃል። ልጁ መልካም ዜና ያመጣ መስሎት ቆሞ ያየኛል። እትዬ፣ በጣም ጨዋ ሰው ነው አለኝ ደግሞ። በሩን ዘጋሁበት።

ማን አክብር አለህ? ማን ነው ውሳኔ ነው ያለህ? አንተን ያሳደገህ አገር ውስጥ ሰው አንዴ እምቢ ሲል እምቢ ማለቱ ከሆነ እዚያው አገርህ አክብር። በእኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቀን እሺ የምትል እናት ልጇ የከበደቻት፣ የሚወስድላት ያጣች ናት። ሽማግሌ ይመለሳል፤ ይባረራል፤ ደግሞ ይመጣል። የአይናለም አባት ለእኔ የላካቸው ሰዎች መጀመሪያ ሲመጡ አባቴ ውሻ ፈታባቸው። ሲመለሱ አንደኛው የተቀደደ ሱሪውን ሰፍቶ፣ ያንኑ ሱሪ ለብሶ ነበር የመጣው፤ አባቴ እንዲያየው ብሎ። አባቴ ያን ስፌት አይቶ ነው የሰጠኝ። የእኔ ልጅ አንድ ብስኩት ተበልቶ የምትተው ናት? «የምሰጣት ልጅ የለችኝም» ያልኩት ለሽማግሌ ነው። ለሽማግሌ የሚባል ነው፤ ለሌላ ለማንም ሰው አልተባለም። የምታነብልህ ሰው እዚህ ጋ ቀስ ትበል፣ ፊደሉ እንዳያመልጣት።

አሥራትን አንድ ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ድግሱ ላይ አገኘሁት። ሳልጠይቀው እሱ ራሱ፣ እትዬ፣ ላኪዬ ተው ብሎኛል፣ በምን አፌ ልምጣ አለኝ። ልክ ነው፣ ላኪ ያልላከው ሽማግሌ የለም። የሴት ወገን ደግሞ ለምን ቀራችሁ ብሎ አይጠይቅም፤ ከሚጠይቅ ሞቶ ይቀራል። እኔም አልጠየቅኩም። አሁንም እየጠየቅኩህ አይደለም፤ እየሰደብኩህ ነው።

ክፍልህ ውስጥ ያቺን ቀይ ሹራብ የምትለብሰዋን ልጅ አይናለም አንድ ሰሞን ስታወራልኝ ነበር። አልናገርም ብላ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ ሌሎቹ አስተማሪዎች ትተዋታል። አንተ ሙዝህን እንዳሰርክ ጠረጴዛው ሥር ገባህ። ነከሰችህ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ገባህ። በሚቀጥለውም። በመጨረሻ እዚያው ሥር ሆና ስሟን በእንግሊዝኛ ነገረችህ አለችኝ ልጄ፤ ስትነግረኝ ድምፅዋ ልዩ ነበር። እሺ፣ እሷንስ ለምን ውሳኔሽን አከብራለሁ ብለህ እዚያው አልተውካትም? ለሰው ልጅ ይህን ያህል ጊዜ ያለህ ሰው ለእኔ አንድ እሑድ አለቀብህ። እኔ አልነክስም እንኳ።

አይናለም ከዚያን ቀን ወዲህ አልደወለችም። በፊትም ስለ አንተ አናወራም ነበር፤ ስለ ዝናብና ስለ ብርድ ነበር የምናወራው። አሁን የእናንተ ከተማ ይዝነብ አይዝነብ የማውቀው ከስልኬ ነው። ማታ ከሥራ ስወጣ አያለሁ። ትናንት ዘንቧል።

ሌላ የምነግርህ የለኝም። የቤቴን ወሬ መስማት ከፈለግህ፣ ቆንጂት ወንበሮቿን መልሺ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ሽማግሌዎቹ አልመጡም ባልኩህ በዚያ እሑድ ዋዜማ ከቤቷ ያመጣኋቸው ናቸው። ለማኅበር ነው ብያት ነበር። ማኅበሩ በዚህ ወር እኔ ቤት እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፤ ከእኔ በኋላ ተረኛዋ እሷ ናትና። ኮሪደሩ ላይ ተደራርበው ቆመዋል፤ ጨለማ ሲሆን እግሬን ይመቱኛል። አንዷ ለስላሳ መቀመጫ ያላት ናት፤ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቢገኝ ብዬ ነበር። አክስትህ ስትነሣ ጉልበቷን ይዛ አይቻታለሁ። የእሷ ዓይነት ሰው መልስ ሳያገኝ ቢቀመጥም እንደ ነውር አይቆጠርበትም፤ አሥራትን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ያ ያመጣችልኝ አበባ አልሞተም። ውሃ የማጠጣው ስላሳዘነኝ ነው።

የበሬ ደወል ተበላሽቷል። የቤቱ ባለቤት ይሠራልሻል እያለ አልሠራውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኦፍ ነኝ፣ እቤት ነኝ፤ ይህ ላንተ ምንም አያደርግልህም። ግን የሚመጣ ሰው ካለ ደወሉን ሲጫን እንዳይውል፣ በእጁ ያንኳኳ። ጠንከር አድርጎ ያንኳኳ፤ ጓዳ ስሆን አይሰማኝም። አንድርያስም የትም ቦታ ለቁም ነገር ሲሄድ ያንን ቢጫ ሰደርያ ያውልቅ በሉት፤ የተነገረውን ሁሉም አይተርጉም። በሚቀጥለው ጊዜም እምቢ ነው የምለው። ይህንን ከአሁኑ ዕወቀው፤ ደንግጠህ ደግሞ ሌላ ጨዋ መልእክት እንዳትልክብኝ።

ደብዳቤ የሚዘጋ ሰው ይመርቃል፤ እኔም ወግ አልሰብርም። ጉሮሮህን እግዚአብሔር ይማርልህ። መንገዱን ያቅናልህ፤ በዝናብ ስትነዳ ከክፉ ይሰውርህ። ከኋላህ የተቀመጠችውንም ይጠብቅልህ። አከራያችሁን ሰላም በልልኝ፤ ከወንበሬ ላይ ትነሣ ዘንድም ንገራት።

የሚስትህ እናት